ስድስተኛው ቆርኪ

በከተራ ዋዜማ፣ ከቀሐ ማዶ ባለ ሰፈር፣
እናቴ ቢራ ስትሸጥ፣ እኛ ቆርኪ ስንቆጥር፣
ወንድሜ መልካሙ ነው ነገሩን የጀመረው፤
«ጸናጽል እሠራለሁ» አለን፣ ማንም ሳይነግረው።

የተቀደደ ባልዲ እጀታውን ነቅሎ፣
በጉልበቱ ቆለመመው፣ ምላሱን አንጠልጥሎ።
ለመያዣው ቆረቆንዳ፣ ከጓሮ የወደቀ፣
ፍሬውን ዶሮ የበላው፣ በፀሐይ የደረቀ።
ለአግዳሚው የጃንጥላ ሽቦ፣ ያውም የአባቴን፤
ትቶት ከሄደው ሁሉ እሱ ነበር የቀረን።
(መተማ ደርሼ ልምጣ ብሎ፣ ዝናብ ሳይጥል ወጣ፤
ክረምቱ ሦስት ጊዜ ያለ እሱ መጣ።)
«ግራው ብሉይ፣ ቀኙ ሐዲስ፣ መሐሉ መሰላል» አለ፤
የሰንበት ትምህርት ቤት ቃል ባልዲ ላይ ተንጠለጠለ።

ቆርኪውማ መች ይጠፋል! ከባንኮኒው ሥር፣
ማታ ማታ ይዘንባል፣ እንደ በረዶ ጠጠር።
እኔ ነኝ የምለቅመው፣ በመጥረጊያ ጫፍ ስቤ፣
በሰካራም እግር መሐል፣ በደረቴ ተስቤ።
ላስቲኩን በጥፍር ልጠን፣ በድንጋይ ጠፍጥፈን፣
መሐል መሐሉን በሳን፣ አንዴም ጣቴን ጨምረን።
የቢራው ስም ግን አልለቅ አለ፣ በአመድ ብናሸውም፤
«ተዪው» አለኝ መልካሙ፣ «ድምፅ ላይ አይነበብም»።

እናቴ መብራት ልታጠፋ በእኩለ ሌሊት ገብታ፣
ወለሉ ላይ አየችው የኛን የቆርኪ ገበታ።
«ከዚህ ቤት ወጥቶ ነው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ?»
ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ባባ።
እሷ ራሷ የምትስመው አጥሩን ነው፣ ከውጭ ቆማ፤
ለቅዳሴ አትገባም፤ ትመለሳለች ተሳልማ።

የጎረቤት ልጅ አዱኛ መወልወያ ነጥቆ፣
ጨርቁን አውልቆ ጥሎ፣ ብብቱ ሥር ወሽቆ፣
«ደብተራ ነኝ» ይለናል፣ እየተወዛወዘ በዜማ፤
በረኪና ይሸታል ያ ሁሉ ማሕሌትማ።
ከበሮው የዘይት ቆርቆሮ፣ አፉ ከመነዳሪ፤
መቺዋ እኔ ሆንኩኝ፣ ለራሴ አስተማሪ።

በነጋታው ታቦታቱ ወደ ፋሲል ሲወርዱ፣
ምንጣፉ እየተጠቀለለ፣ እየተነጠፈ መንገዱ፣
እኛ ከሰልፉ ጅራት፣ ከአህያና ከፖሊስ ኋላ፣
ስንንሿሿ ደረስን፣ በባልዲና በጃንጥላ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ድምፁን ሰምተው ዞሩና፣
መልካሙን በጣት ጠሩት፤ «ልጄ፣ እስቲ ና፣ ና!»
«ማን ሠራው?» «እኔ።» «ቆርኪው?» ዝም። ማን ይናገራል?
የማን ቤት እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።
እናቴ ከግንቡ ጥግ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ፣
መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ሳይ።
ተቀብለው ነቀነቁት፤ ጆሯቸው ብቻ ያይ ነበር፤
ከዚያ በጥፍር ጀመሩ አንድ ባንድ መቁጠር።
«ስድስት? አምስት ነው ምሥጢሩ፤ አንዱን አውጥተህ ጣለው።»
ይህን ብቻ ተናግረው፣ ሰልፉ ገፍቶ ወሰዳቸው።

ቁጣ ነበር የጠበቅነው፤ የመጣው እርማት ብቻ፤
ሠሪ ለሠሪ እንደሚለው፣ እንደ እኩያ፣ እንደ አቻ።

መልካሙ ስድስተኛውን በጥርሱ ከሽቦው ፈትቶ፣
አልጣለውም። ለእናቴ ሰጣት፣ ሕዝቡን ገፍቶ።
እሷም ምንም አላለች፤ ነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።
ግሮሰሪው ተዘጋ፤ ዐይኗ ደከመ፤ አረጀች።
መልካሙ አዘዞ ወርዶ ብየዳ ቤት ከፈተ፤
ጸናጽሉም አንድ ክረምት ዝጎ ዝጎ ሞተ።

ነጠላ በለወጠች ቁጥር ቋጠሮው አብሮ ይሻገራል።
ባለፈው ሳጥብላት ፈታሁት፤ ቢጫው ለቅቋል፣ ስሙ ጠፍቷል።
ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት፤ ዝም።
አንድ ቆርኪ ብቻውን አይጮኽም።
መልሼ ቋጠርኩት፣ እሷ እንደምትቋጥረው፣
ወደ ግራ፣ ድርብ አድርጌ፣ እኔም ዳግም እንዳልፈታው።